ብረቱ የት ነው ያለው? ከሃርት አታክ በኋላ የሚነሳ የምግብ ጥያቄ

«ልጄ፣ ያቺን ደም የምትተካዋን ኪኒን እስቲ ስጠኝ።»

«ለማን ነው እማማ?»

«ለሽማግሌው። ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ከወጣ ወር ሊሆነው ነው። ፊቱ ገርጥቷል፣ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። ደሙ አልቋል መሰለኝ።»

ፋርማሲ ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን የመሰለ ጥያቄ በተለያየ አንደበት ሰምቻለሁ። ተቃራኒውንም እንዲሁ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዘረጋልኝና «ብረት ልብን ያዝጋል ይላሉ፤ አባቴ ሥጋ እንዳይቀምስ ልከልክለው?» ይላል። አንዳንዴ ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ቤት ይገናኛሉ። ከቨርጂኒያ የመጣ ዘመድ ብረት ያለበትን መልቲቫይታሚን በትልቅ ብልቃጥ ያመጣል፣ እህት ቀይ ሥር ትጨምቃለች፣ ጎረቤት ጉበት ጠብሳ ትመጣለች፣ ልጅ ደግሞ ሥጋ የሚባል ነገር ከቤት ይውጣ ይላል። በሽተኛው መሐል ተቀምጦ የቱን እንደሚሰማ ይጨንቀዋል። ሁሉም የሚወዱት ናቸው።

ሁለቱም ወገኖች ከባዶ አልተነሱም። ብረት ልብን ይጎዳል የሚለው ከ40 ዓመት በላይ በሳይንስ መጽሔቶች ሲከራከሩበት የኖረ ሐሳብ ነው። የብረት እጥረት ልብን ያዳክማል የሚለውም በሺዎች በሚቆጠሩ ታካሚዎች ላይ ተጠንቷል። ጥፋቱ ያለው በጥያቄው ላይ ይመስለኛል። «ብረት ለልብ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት ብረቱ የት እንዳለ ነው። በሰሃን ላይ ያለው፣ በደም ውስጥ የሚዞረው፣ በጉበት የተከማቸው፣ በልብ ቁስል ውስጥ ፈስሶ የቀረው፣ በጨጓራ ደም መፍሰስ በየቀኑ የሚጠፋው፤ እነዚህ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። አንድ ሰው በአንዱ ቦታ ሞልቶት በሌላው ሊጎድለው ይችላል፣ ያውም በአንድ ጊዜ።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ሃርት አታክ የምለው የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ቧንቧ በረጋ ደም ተዘግቶ ከጡንቻው የተወሰነው ክፍል የሚሞትበትን ድንገተኛ ሕመም ነው። የልብ ድካም የምለው ደግሞ ልብ ደምን በበቂ ኃይል መግፋት ሲያቅተው ነው። በብዙ ቤት ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው ሁሉ የልብ ድካም የለበትም፤ ከብረት ጋር ያላቸው ጉዳይም ይለያያል።

ጥርጣሬው ከየት መጣ

እ.ኤ.አ. በ1981 ጀሮም ሱሊቫን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በላንሴት መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የወር አበባ የሚያዩ ሴቶች በእነሱ ዕድሜ ካሉ ወንዶች ይልቅ በሃርት አታክ የሚያዙት በጣም ጥቂት ናቸው፤ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን ለሴት ሆርሞን ይሰጡት ነበር። ሱሊቫን ግን ምናልባት ሴቶቹን የሚጠብቃቸው በየወሩ ከደም ጋር የሚወጣው ብረት ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቀ።

ሐሳቡ ስሜት ይሰጣል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ከ3 እስከ 4 ግራም የሚሆን ብረት አለ። ሰውነት ብረትን በአንጀት በኩል ማስገባትን ይቆጣጠራል እንጂ የተረፈውን የሚያስወጣበት የራሱ መንገድ የለውም፤ በቀን 1 ወይም 2 ሚሊግራም ከሚረግፍ የቆዳና የአንጀት ሕዋስ ጋር ይሄዳል፣ ያ ነው። ከዚያ ውጪ ብረት የሚወጣው ደም ሲፈስ ነው። በአንድ ሚሊሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ስላለ፣ አንድ ጊዜ ደም የሚለግስ ሰው ከ200 ሚሊግራም በላይ ብረት ይሰጣል ማለት ነው።

በ1992 ደግሞ ከፊንላንድ ወሬ መጣ። በምሥራቅ ፊንላንድ በኩኦፒዮ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 60 የሆነ 1,931 ወንዶች ተጠንተው፣ በደማቸው ያለው ፌሪቲን (የተከማቸ ብረትን የሚያመለክተው ፕሮቲን) በሊትር 200 ማይክሮግራም እና ከዚያ በላይ የሆነው ከሌሎቹ ይልቅ በሃርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው 2.2 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነው ነገሩ ከሐኪሞች ክርክር ወጥቶ የጋዜጣ ርዕስ የሆነው። ዛሬም በስልክ ላይ የሚዞረው ማስፈራሪያ ሥሩ ሲመረመር ብዙ ጊዜ እዚያው ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አይወራም። በ1999 አንድ ግምገማ 12 ጥናቶችን አንድ ላይ ቢያይ፣ በተከማቸ ብረትና በልብ ቧንቧ ሕመም መካከል ጠንካራ ግንኙነት አላገኘም። በ2007 ይበልጥ ቀጥተኛ ፈተና ታተመ፤ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የእግር ደም ቧንቧቸው የጠበበባቸው 1,277 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ በየጊዜው ደም እየተቀዳላቸው ብረታቸው እንዲቀንስ ተደረገ። ሞታቸው አልቀነሰም። በዕድሜ ወጣት የነበሩት ላይ የጥቅም ፍንጭ ታይቷል፤ ይሁንና ፍንጭ ፍንጭ ነው። በ2017 ደግሞ በተፈጥሮ፣ በዘር ምክንያት ብረታቸው ከፍ ያለ ሰዎችን ያየ ጥናት ጭራሽ የልብ ቧንቧ ሕመማቸው ዝቅ ብሎ አገኘው። በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ የሚበዛው፣ ብረት በዘር ምክንያት በሰውነት የሚከማችበት ሕመም እንኳን ልብን ሲጎዳ በአብዛኛው ጡንቻውንና አመታቱን ነው የሚያበላሸው፤ ቧንቧ በመዝጋት አይታወቅም።

ቀይ ሥጋስ? በ2014 የታተመ የጥናቶች ድምር በሥጋ ውስጥ ያለውን ብረት (ሄም የሚባለውን) አብዝተው የሚበሉ ሰዎች በልብ ቧንቧ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ57 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከቅጠል የሚገኘው ብረት ግን ከሕመሙ ጋር አልተያያዘም። ይህን ሳነብ የሚመጣብኝ አንድ ሰሃን ክትፎ ነው። እዚያ ሰሃን ላይ ሄም ብረት አለ፣ ንጥር ቅቤም አለ፣ ጨውም አለ፣ አብሮት የሚጠጣው አለ። ከዚህ ሁሉ መካከል ብረቱን ብቻ ነጥሎ መክሰስ ይከብዳል። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው ክትፎና ጥሬ ሥጋ እንዲቀንስ መምከር ተገቢ ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ቅባቱ ኮሌስትሮሉን ስለሚያንረው ነው። ምክንያቱን መለየት ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ «ብረት ነው ጠላቱ» ብሎ ያመነ ቤተሰብ ምስሩንም ጎመኑንም አብሮ ይከለክላልና።

የቁስሉ ብረት

አሁን ወደ ልቡ ራሱ እንግባ፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት አዲስ ነገር የታየው እዚህ ላይ ነው።

ሃርት አታክ ሲከሰት የተዘጋውን ቧንቧ ቶሎ መክፈት ሕይወት ያድናል። በስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ቢሆን በመድኃኒት፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው፤ ከዚህ በታች የምለው ይህን እንዳያስረሳብኝ። ነገር ግን ደም አጥቶ የቆየው የልብ ክፍል ውስጥ ያሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች አብረው ይጎዳሉ። ዋናው ቧንቧ ተከፍቶ ደሙ ሲመለስ እነዚያ የተጎዱ ሥሮች መያዝ ያቅታቸውና ደም ወደ ጡንቻው ውስጥ ይፈሳል። ከባድ ሃርት አታክ አግኝቷቸው ቧንቧቸው ከተከፈተላቸው ሰዎች መካከል ከ10 ወደ 4 በሚጠጉት ይህ እንደሚሆን በኤምአርአይ ምስል ታይቷል።

የፈሰሰው ደም እዚያው ይቀራል። ቀይ የደም ሕዋሶቹ ይፈርሳሉ፣ በውስጣቸው የነበረው ብረት ይለቀቃል። ያልታሰረ ብረት ደግሞ አደገኛ ኬሚካል ነው። ሄንሪ ፌንተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1894 እንደገለጸው፣ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ በዙሪያው ያለውን ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ሰውነት ብረትን በፕሮቲን ጠቅልሎ፣ በጥንቃቄ ከቦታ ቦታ የሚያጓጉዘው ለዚህ ነው። በ2012 ደግሞ በአሜሪካ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ብረት የሕዋስን ቅባት ሽፋን አቃጥሎ ሕዋሱን የሚገድልበትን የሞት ዓይነት ለይተው ፌሮፕቶሲስ ብለው ሰየሙት። የልብ ጡንቻ ሕዋስም በዚህ መንገድ ሊሞት እንደሚችል ከዚያ ወዲህ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ታይቷል።

ሮሃን ዳርማኩማር የሚመራው የአሜሪካ ቡድን በ2022 ያሳተመው ሥራ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ነው። ሃርት አታክ በተደረገባቸውና ልባቸው ውስጥ ደም በፈሰሰባቸው ውሾች ላይ ቁስሉን ለ6 ወራት ሲከታተሉ፣ ብረቱ ሊያጸዱት የመጡትን የመከላከያ ሕዋሶች ያስጨንቃቸዋል፤ እነዚያ ሕዋሶች በቅባት ይሞላሉ፣ ጠባሳውም ቀስ እያለ ወደ ስብ ይቀየራል። በልብ ግድግዳ ላይ ስብ መኖሩ የልብን አመታት ሊያዛባ፣ ኃይሉንም ሊያዳክም ይችላል። ብረትን ከሰውነት የሚያወጣ ዴፈሪፕሮን የተባለ መድኃኒት ሲሰጣቸው ይህ ለውጥ ቀነሰ። በሰው ላይ ግን መንገዱ ገና ነው። ከዚያ 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሌላ ብረት አውጪ መድኃኒት ቧንቧ በሚከፈትበት ሰዓት በጥቂት ታካሚዎች ላይ ተሞክሮ፣ የሞተውን የልብ ክፍል መጠን ሊያሳንስ አልቻለም።

ይህ ዜና ነው ተቆራርጦ «ሃርት አታክ ካገኘህ በኋላ ብረት ልብህን ይበላዋል» ወደሚል ማስጠንቀቂያ የሚለወጠው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በቁስሉ ውስጥ ያለው ብረት ከምሳ ሰሃን የመጣ አይደለም። በዚያች ክፉ ሰዓት ከገዛ ሥሩ የፈሰሰ ደም ነው። አባትህ ነገ ምስር ወጥ ቢበላ ያ ብረት አይጨምርም፣ ምስሩን ቢተውም አይቀንስም። አንጀት በኩል የሚገባው ብረት በፕሮቲን ታስሮ ወደ መቅኒና ወደ ጉበት ይሄዳል እንጂ ጠባሳ ፈልጎ አይሄድም። በምግብ መከልከል ያንን ቁስል ማዳን ይቻላል የሚል ማስረጃ የለም።

የጎደለው ብረት

በሌላው ጫፍ የእማማ ጥያቄ አለ። ሽማግሌው ደረጃ መውጣት ያቃተው ብረት ጎድሎት ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ያውም እንደሚታሰበው ደሙ ሳያንስ። የልብ ጡንቻ ሌት ተቀን የማያርፍ ስለሆነ ጉልበት የሚያመርቱት የሕዋስ ክፍሎች ያለ ብረት አይሠሩም። የልብ ድካም ካለባቸው ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት የብረት እጥረት አለባቸው፤ ብዙዎቹ ሂሞግሎቢናቸው (በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ሲለካ ደህና ነው። በ2009 የወጣው 459 ሰዎች ያሉበት ጥናት እንዲህ ላሉ ታካሚዎች ብረት በደም ሥር ሲሰጥ ድካማቸው እንደሚቀንስና ርቀው መራመድ እንደሚችሉ አሳየ። በ2020 የታተመው፣ ከ1,100 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ደግሞ ተመልሶ ሆስፒታል መግባት መቀነሱን አገኘ፤ ሞት ግን አልተቀየረም። በ2023 የወጣውና 3,065 ሰዎች የነበሩበት ትልቁ ሙከራ ያስቀመጠውን ጥብቅ መስፈርት አላለፈም። ስለዚህ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ ልባቸው ደክሞ ብረት ለጎደላቸው በደም ሥር መስጠትን ቢመክርም፣ ዓላማው በዋናነት ድካምን ማቅለልና ተመልሶ መተኛትን መቀነስ ነው።

ኪኒንስ? እማማ የጠየቁኝ እሱን ነው። በ2017 በአሜሪካ 225 የልብ ድካም ያለባቸውና ብረት የጎደላቸው ሰዎች ለ16 ሳምንታት የብረት ኪኒን በቀን ሁለት ጊዜ ወይም ምንም የሌለበት ኪኒን ወሰዱ። የመሥራት አቅማቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ምክንያቱ ሄፕሲዲን የተባለ፣ ጉበት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው ተብሎ ይታመናል። ሰውነት ሲቆጣ፣ ለምሳሌ ልብ ሲደክም ወይም ቁስል ሲኖር፣ ሄፕሲዲን ይጨምርና የአንጀትን በር ይዘጋዋል። ኪኒኑ ይዋጣል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል፣ ወደ ደም የሚገባው ግን ጥቂት ነው። ይህ ማለት ኪኒን ለማንም አይሠራም ማለት አይደለም። ልቡ ያልደከመ፣ በደም መፍሰስ ብቻ ብረት ያጣ ሰው በኪኒን ሊተካ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን በየቀኑ ሁለት ሦስቴ ከመዋጥ ይልቅ አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ የተሻለ እንደሚገባ በ2017 በወጣት ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል።

ደም መፍሰስ ስል ያለምክንያት አይደለም። ስቴንት የገባለት ሰው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ወይም የመሳሰለውን አብሮ ይወስዳል። ሁለቱ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ፤ ስቴንቱ ክፍት ሆኖ የሚቆየው በእነሱ ነው። ዋጋቸው ግን ጨጓራ ላይ ይታያል። ጨጓራ ወይም አንጀት ቀስ እያለ የሚደማ ከሆነ በቀን የሚጠፋው ጥቂት ማንኪያ ደም ቢሆንም፣ በወራት ውስጥ የተከማቸውን ብረት ሙልጭ ያደርገዋል። በእኛ አገር የጨጓራ ባክቴሪያና የአንጀት ትል በብዙ ሰው ሆድ ውስጥ ስላሉ ሰውየው ሃርት አታክ ከማግኘቱ በፊትም ብረቱ ተሟጦ ሊሆን ይችላል። ጨጓራን ለመጠበቅ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲድ ስለሚቀንስ ከእህልና ከቅጠል የሚገኘውን ብረት አጠቃቀም ያሳንሳል። ይህን ስል ማንም ኦሜፕራዞሉን ወይም አስፕሪኑን እንዲጥል አይደለም።

ሳይመረመሩ የብረት ኪኒን መዋጥ የሚያስፈራኝም ከዚሁ የተነሳ ነው። ኪኒኑ ሰገራን ያጠቁራል። ከጨጓራ የሚፈስ ደምም ሰገራን ያጠቁራል፤ እንደ ሬንጅ ያጣብቃል፣ ሽታውም ይለያል። ሰውየው ብረት እየወሰደ ከሆነ ቤተሰቡ «ከኪኒኑ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለሕይወቱ የሚያሰጋው ምልክት በኪኒን ተሸፈነ ማለት ነው።

በሃርት አታኩ ወቅት ሂሞግሎቢኑ በጣም ወርዶ የተገኘ ሰው ጉዳይ የሆስፒታል ነው። በ2023 የታተመ፣ 3,504 ታካሚዎች የነበሩበት ሙከራ ሂሞግሎቢናቸው ከ10 በታች ለሆነ ሰዎች ደም ቶሎ መስጠት ይሻላል ወይስ ሂሞግሎቢኑ ይበልጥ እስኪወርድ መጠበቅ የሚለውን ፈትኖ፣ በ30 ቀን ውስጥ ሞት ወይም ዳግም ሃርት አታክ ቶሎ ከተሰጣቸው በ14.5 በመቶ፣ ከተጠበቁት በ16.9 በመቶ ላይ ደረሰ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የተረጋገጠ ባይባልም ብዙ ሐኪሞች የተዳከመ ልብን ደም አስርቦ ማቆየትን አይመርጡም።

የምርመራው ወረቀት

የብረት መጠን የሚታወቀው ፊት በማየት አይደለም። የገረጣ ፊት፣ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር ከልብ ድካምም፣ ልብን ከሚያዘገዩ መድኃኒቶችም፣ ከሐዘንና ከፍርሃትም ይመጣል። የሚያስፈልጉት ሁለት ምርመራዎች ናቸው፤ ፌሪቲንና የትራንስፈሪን ሙሌት። ሁለተኛው በደም ውስጥ ብረት ከሚያጓጉዘው ፕሮቲን ምን ያህሉ ብረት እንደጫነ ይነግራል።

ፌሪቲንን ብቻ ማየት ያሳስታል። ፌሪቲን ሰውነት ሲቆጣ በራሱ ከፍ ይላል፤ ሃርት አታክ ደግሞ ትልቅ ቁጣ ነው። በሆስፒታል አልጋ ላይ ተለክቶ 250 ያለው ሰው ብረቱ ሞልቶ ላይሆን ይችላል። የልብ ሐኪሞች መመሪያ ልቡ ለደከመ ሰው ፌሪቲኑ ከ100 በታች ከሆነ፣ ወይም ከ100 እስከ 299 ሆኖ የትራንስፈሪን ሙሌቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ የብረት እጥረት ነው የሚለው ይህን ግምት ውስጥ አስገብቶ ነው። ጤነኛ ሰው ላይ 100 ፌሪቲን እጥረት አይባልም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ አይቶ «ኖርማል» የሚለውን ማንበብ አይበቃም፤ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሰሃኑ ላይ

ስለ ጤፍ ሳልናገር ብቀር አንባቢ አይምረኝም። ጤፍ በብረት የበለፀገ ነው ሲባል አድገናል። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ የተለካው ብረት ከ10 ሚሊግራም ገደማ ተነስቶ ከ150 በላይ ይደርሳል። እንዲህ የተራራቀ ቁጥር በአንድ እህል ላይ ከየት መጣ? ከአውድማው። በሬ እየረገጠው መሬት ላይ የሚወቃ፣ ቅንጣቱ ከአሸዋ የማይበልጥ እህል አፈር ይዞ ይመጣል፤ አፈሩም ብረት አለው። በ1980 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። የአፈር ብረት ግን አንጀት የሚወስደው በጣም ጥቂቱን ነው። በ1960ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች የኢትዮጵያውያን የብረት አወሳሰድ በዓለም ከፍተኛ ከሆኑት ውስጥ ነው ሲሉ ቆይተው፣ በ2016 የተደረገው አገራዊ የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው ያገኘው ያለምክንያት አይደለም። በደም ማነስ ሁሉ ውስጥ የብረት እጥረት አለ ባይባልም፣ «እንጀራ እየበላሁ ብረት አይጎድለኝም» የሚለው ማጽናኛ አያዋጣም።

እርሾው ግን ውለታ ይሠራል። ሊጡ ሲቦካ ብረትን ጨምድዶ የሚይዘው ፋይቲክ አሲድ ይቀንሳል። በዕለቱ ተቦክቶ በዕለቱ የሚጋገር እንጀራ፣ በተለይ በውጭ አገር በጥድፊያ የሚሠራው፣ ይህ ጥቅም ያንሰዋል።

ቡናና ሻይስ? እዚህ ላይ ልቤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው፤ ማንንም ከቡናው አላፈናቅልም። ነገር ግን ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ከግማሽ በላይ፣ ቡና ደግሞ ወደ 40 በመቶ ሊቀንሰው እንደሚችል በ1983 ተለክቷል። ምሳ ተበልቶ ገበታው ሳይነሳ የሚቀርበውን ሻይ አንድ ሰዓት ማዘግየት ያለ ዋጋ የሚገኝ ብረት ነው። በአንጻሩ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ከምግቡ ጋር ሲበላ የእህሉን ብረት ያስገባዋል፤ ቃሪያ፣ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ፣ ከገበታ በኋላ ብርቱካን። በጾም ወቅት ምስርና ሽሮ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ቢያደርግ ሁለት ነገር ያተርፋል፤ ምግቡ ለልቡ ቧንቧ ከቅቤው ይሻለዋል፣ ብረቱም ይገባለታል። መድኃኒቱን ግን ለጾም ብሎ እንዳያቋርጥ፤ በባዶ ሆድ የሚዋጥ አስፕሪን ጨጓራን ስለሚጎዳ ሰዓቱን ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይነጋገርበት።

ቀይ ሥር ደም አይተካም። ቀለሙ ነው ያሳሳተን፤ በ100 ግራሙ ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም እንኳን አይሞላም። የበሰለ ምስር ከ3 ሚሊግራም በላይ አለው። ጉበት በብረት የታወቀ ቢሆንም ኮሌስትሮሉ የበዛ ነው፤ ከቅቤ ጋር ዱለት ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ሃርት አታክ ላገኘው ሰው ይከብደዋል። በወር አንድ ቀን መቅመስና «ደም ይተካል» ብሎ በየሳምንቱ ማብላት አንድ አይደሉም። ጎመን ጥሩ ነው፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለው፤ ልብ ውስጥ ደም ረግቶባቸው ወይም በሌላ ምክንያት ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ጎመንን በድንገት ቢያበዙ ቫይታሚን ኬው የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል። መተው የለባቸውም፣ መጠኑን ከሳምንት ሳምንት አያለዋውጡት።

የብረት ድስትን ነገር ብዙ ሰው እንደ ተረት ያየዋል። በ1999 በላንሴት የታተመ፣ በትግራይ የተደረገ ጥናት በብረት ድስት የተበሰለ ምግብ የበሉ ሕፃናት በአሉሚኒየም ድስት ከተበሰለላቸው ይልቅ ሂሞግሎቢናቸው በዓመት ውስጥ በ1.3 ግራም የበለጠ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። ሕፃናት እንጂ የልብ ሕመምተኞች አልነበሩም፤ ብረት የጎደለው አዋቂ ግን የአያቱን ድስት ከጓዳ ቢያወጣ አይጎዳም። ብረቱ የሞላ ሰው ደግሞ አያስፈልገውም። የአሜሪካ የሥነ ምግብ መመሪያ ለአዋቂ ወንድና የወር አበባዋ ለቆመ ሴት የሚለው በቀን 8 ሚሊግራም ነው፤ የወር አበባ ለምታይ 18። ከውጭ የሚመጡት መልቲቫይታሚኖች ብዙዎቹ በ18 ልክ የተሠሩ ናቸው። አረጋዊ አባት በየቀኑ እንዲውጡት የሚያደርግ ምክንያት አላገኘሁም። ብረት የሌለባቸው፣ ዕድሜያቸው ለገፋ የተሠሩ አሉ፤ ለአባቱ የሚልክ ሰው የጀርባውን ጽሑፍ አንብቦ ይምረጥ።

እማማን ያን ቀን ኪኒኑን ከመስጠቴ በፊት ሽማግሌው ምን ምን እንደሚወስዱ ጠየቅኳቸው። ከቦርሳቸው ፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ የኮሌስትሮሉ፣ የግፊቱ። ብረት አልነበረበትም። «ሰገራው ጥቁር ሆኖ ያውቃል?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «እሱማ ከሰነበተ» አሉ በመጨረሻ፤ «ከመድኃኒቱ ነው ብለን ነው።»

ፌሪቲንና የትራንስፈሪን ሙሌት ብዬ በቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፍኩትን አጠፍኩና ከፌስታሉ ውስጥ ከተትኩላቸው። እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ አልኳቸው። ሁለቱን መድኃኒቶች በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ ስቴንቱ አለ፤ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱና ጥቁሩን ነገር ለሐኪሙ ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸውን ሲደውሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።